ከፍራሹ ማዶ

«ላኪ!»

የአባቷ ድምፅ ነው፤ የግቢውን በር ከመክፈቷ በፊት ደረሳት። ቀጥሎ ክር ሲጎተት ተሰማ፣ ከዚያ ሳቅ። ቁንጫ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቷ ሥራ ላይ ሆኖ የሚስቀው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ማለት ነው።

ግቢው መሃል አንድ ፍራሽ ድንጋይ ላይ በጎኑ ቆሟል። ከወዲህ አባቷ ረጅሙን መርፌ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ከወዲያ በኩል፣ ከፍራሹ ሥር፣ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ብቻ ይታያሉ። እግሮቹ ያጠለቁት ደግሞ የቁንጫን ነጠላ ጫማ ነው።

«መጣሽ እንዴ ቁንጫዬ?» አለ አባቷ ዞር ሳይል። «ምሳሽ ተከድኖልሻል። ብዪና ወደ ጥናትሽ። ይሄን እኛ እንጨርሰዋለን።»

እኛ! ያቺ አንዲት ቃል ምሳዋን ሳትቀምስ አጠገበቻት።

ስሟ ቁንጫ አይደለም እርግጥ። አባቷ ነው ያወጣላት፣ በልጅነቷ ከአንዱ ፍራሽ ወደ ሌላው እየዘለለች አላስቀምጥ ስላለችው። ፍራሽ ሠሪ ቤት ቁንጫ ከሌለ ማን ያምናል እያለ ደንበኞቹን ያስቅባት ነበር። ትምህርት ቤት ይህን ስም የሚያውቅ የለም፤ ቢያውቁ ሼም ነው፣ አለቀላት። ቤት ውስጥ ግን ትወደዋለች። ወይም ትወደው ነበር፣ አባቷ ያቺን ልጅ «የኔ ዓለም» ብሎ ሲጠራ እስክትሰማ። አስቡት እስቲ፤ አንዷ ዓለም፣ አንዷ ቁንጫ።

ያቺ ልጅ የአክስቷ ልጅ ናት። አክስቷ፣ የአባቷ ታናሽ እህት፣ ታምማ ሞተች፤ ልጅቷም ሌላ ዘመድ ስለሌላት የቁንጫ አባት ከቀብሩ መልስ ይዟት መጣ። በዕድሜ ከቁንጫ ብዙም አትበልጥም። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና አንድ ትራስ ነው። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ፤ ትራሱ ግን ከእቅፏ አይወጣም። አበባው የደበዘዘ፣ በየቦታው የተቋጠረና ያበጠ፣ ለማየት እንኳ አንገት የሚያሳምም የእናቷ ትራስ። አባቷ ጥጡን አውጥቶ እንዲነድፍላት ሲጠይቃት እንቢ አለች፤ እንዲሁ ይሁንልኝ አለች። እሱም ተወላት። በዚህ ቤት ጎርባጣ ነገር አይቶ አላልፍም የሚለው ሰውዬ እኮ ነው፤ ለእሷ ሲሆን አለፈ።

አልጋውን ለእሷ ማካፈል ደግ። ነጠላ ጫማውም ይሁን። ቁንጫ ክፉ አይደለችም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ አቅሟ ቻለችው። ያ ቦታ ግን፣ ከፍራሹ ማዶ ያለው ቦታ፣ አንጀቷን አሳረራት።

ፍራሽ መስፋት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጥጡ ተነድፎ ጨርቁ ውስጥ ከተሞላና አፉ ከተዘጋ በኋላ፣ ወዲያ ወዲህ እንዳይንሸራተት ከዳር እስከ ዳር በክር መወጋት አለበት። ፍራሹን በጎኑ ያቆሙታል፤ አንዱ ከወዲህ ሆኖ የክንድ ያህል የሚረዝመውን መርፌ ይሰዳል፣ ሌላው ከወዲያ ተቀብሎ ክሩን አጥብቆ ይጎትትና መልሶ ይልካል። ሁለቱ ሰዎች አይተያዩም። የሚገናኙት በመርፌውና በድምፃቸው ብቻ ነው።

ድሮ ከማዶ የምትቆመው እናቷ ነበረች። እናቷ ስትሞት አባቷ ብቻውን መስፋት ጀመረ። መርፌውን ይሰድና ዞሮ ይሄዳል፤ ከወዲያ ይመልሰውና ዞሮ ይመጣል። ቁንጫ ያኔ ሕፃን ናት ማለት ይቻላል። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሲመላለስ አየችው፣ አየችውና አንድ ቀን ማንም ሳይጠራት ተነስታ ከማዶ ቆመች። መርፌው ብቅ ሲል ያዘችለት። አባቷ ጉሮሮውን ጠራረገና «ላኪ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ቦታው የእሷ ነው። ፊት ለፊት ለመናገር የሚከብዳትን ሁሉ በፍራሹ በኩል ነግራዋለች። ሒሳብ መውደቋን የነገረችው እዚያ ቆማ ነው። ጓደኞቿ ለልደት ሳይጠሯት የቀሩ ጊዜ፣ እናቷ ክፉኛ የናፈቀቻት ቀን፣ ሁሉንም እዚያው። እንባዋ ቢመጣ እንኳ የሚያይባት የለም። አባቷም ከወዲህ ሆኖ ይሰማና ወይ ያስቃታል፣ ወይ ዝም ብሎ መርፌውን ቀስ አድርጎ ይልክላታል።

በዚያው ዕለት እራት ላይ አላስችላት ብሎ ጠየቀችው። ልጅቷ ዕቃ ለማጠብ ወጥታለች።

«አባዬ፣ እኔ ከእንግዲህ አልሰፋም ማለት ነው?»

«ፈተናሽ ይለፍ እንጂ መጀመሪያ።»

«ካለፈ በኋላስ?»

አባቷ ሊጎርሰው የነበረውን ቁራሽ አስቀመጠ። «ለጊዜው እሷ እዚያ ትቁም፣ ልጄ። አንቺ ታውቂው የለ? ያ ቦታ ለሰው ደግ ነው።»

እኔስ የት ልቁም የሚለው ጥያቄ አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። ዛሬ በሥራ ላይ ልጅቷ ምን እንዳለችውና ምን እንዳሳቀው ለማወቅ ግን ያላትን ሁሉ በሰጠች ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተራው የጡረተኛው ፍራሽ ነበር። ጡረተኛው ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸውን ከሚያማቸው ይልቅ ስለ ወገባቸው የሚያወሩት ይበልጣል። በየዕለቱ እየመጡ ጥጡን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ፣ ድንጋይ ያልሆነ፣ ግን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍራሽ እንዲሠራላቸው ሲነዘንዙ ነው የሰነበቱት። ቅር ካላቸው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ በጋሪ ሊወስዱት ተቀጣጥረዋል።

ጥጡ ተሞልቶ፣ የፍራሹ አንድ ጫፍ ሳይዘጋ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ክር አለቀ። አባቷ ሊገዛ ሲነሳ ልጅቷን አስከተላት፤ እግረ መንገዷን ሰፈሩን ትልመድ ብሎ ነው። ቁንጫን ደግሞ ቤቱን ጠብቂ አላት። እንደ ውሻ ማለት ነው እንግዲህ፣ ብላ አሰበች ቁንጫ። ሁለቱ በበሩ ሲወጡ አባቷ የልጅቷን ትከሻ መታ መታ ሲያደርግ አየች።

መጽሐፏን ልታመጣ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ትራሱ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ በእሷ በኩል፣ እንደ ባለቤት ተጋድሟል። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባበት አደረገችው ለማለት ይከብዳል። ትራሱን አነሳችው፣ ወጣች፣ በተከፈተው የፍራሽ አፍ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ጥጡ መሃል ሸጎጠችው፣ ላዩን ጥጥ አለበሰችው። ለአንድ ቀን እንኳ እሷም የሆነ ነገር ይጥፋባት፣ አለች በሆዷ። አወጣዋለሁ የሚል ሐሳብም ነበራት፤ መቼና እንዴት እንደምታወጣው ግን አላሰበችም።

አባቷና ልጅቷ ፈጥነው ተመለሱ። ሲበዛ ፈጥነው። ጡረተኛው መንገድ ላይ አግኝተዋቸው በሰዓቴ እመጣለሁ ብለዋላ! አባቷ ገና ከመግባቱ የፍራሹን አፍ ሰፋው፤ ሁለቱ ተጋግዘው አቆሙትና መርፌው መመላለስ ጀመረ። ቁንጫ ደጃፍ ላይ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ አንዱን ገጽ ደጋግማ ታያለች። «ላኪ» ይላል አባቷ። «እንኩ» ትላለች ከማዶ። መሃል አካባቢ ሲደርሱ መርፌው አልሄድ አለ።

«እዚህ ጋ ከበደኝ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ።

«ጥጡ ታጭቆ ይሆናል። ገፋ አድርጊው፣ የኔ ዓለም።»

ልጅቷ ገፋ አደረገችው። መርፌው አለፈ። ቁንጫ መጽሐፏን ዘጋች።

ምሳ ላይ ነው ልጅቷ ትራሷን ያጣችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አልጋ ሥር አየች፤ ከሻንጣው ኋላ አየች፤ ልብስ ማስጫው ጋ ወጥታ አየች። ከዚያ ያየችበትን ሁሉ ደግማ አየች። አባቷ እጁን ሳይታጠብ አብሯት መፈለግ ጀመረና ቁንጫን ጠየቃት።

«አላየሁም» አለች ቁንጫ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀለላት፤ ከወጣ በኋላ ግን እንደ ጉድ ከበዳት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን መለሰች። ምናልባት ስንመጣ መኪናው ላይ ረስቼው ይሆናል አለች። ትናንት ሌሊት እንኳ ታቅፋው ማደሯን ሦስቱም ያውቃሉ።

የተሰፋው ፍራሽ መሬት ላይ ሸራ ተነጥፎለት ተጋደመ። አሁን የቀረው መሞከር ነው። አባቷ እጁ ከሥራ ብዛት ስለደነደነ እብጠት አይለይለትም፤ ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ እያንዳንዱ ፍራሽ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ቁንጫ ትተኛበታለች። በጀርባዋ፣ በጎኗ፣ በሆዷ። አለቀ ሲባል «ይለፍ» ትላለች።

«ነይ ቁንጫዬ» አለ አባቷ፣ ፊቱ ላይ ያ የድሮው ፈገግታ መጥቶ። «ይሄን እንኳ ላንቺ ነው የምሰጠው።»

ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ጥሪ ነው። መጽሐፏን መልሳ ገለጠች። «እያጠናሁ ነው» አለች። «እሷ ትሞክረው።»

ልጅቷ ነጠላ ጫማውን አወለቀችና ተኛች። በጀርባዋ ሆነች። በጎኗ ዞረች። በሆዷ ተገልብጣ ጉንጯን ፍራሹ ላይ ስታሳርፍ ድንገት ቀጥ አለች። እጇ ቀስ ብሎ ጉንጯ ሥር ገባ፣ ጨርቁን ጫን አደረገ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ጫን አደረገ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ምነው? ይጎረብጣል?» አለ አባቷ።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ያየችው እሱን አይደለም፤ ቁንጫን ነው። ብዙም አላየቻት።

«የለም፣ ጋሼ» አለች እየተነሳች። «ደህና ነው። ይለፍ።»

ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄደች። አባቷ የተረፈውን ጥጥ መጥረግ ጀመረ። ቁንጫ መጽሐፏን ጥላ ተከተለቻት። ልጅቷ ውሃውን ከፍታ እጇን ታጥባለች፤ ያልቆሸሸ እጅ።

«አውቀሻል አይደል?» አለቻት ቁንጫ።

«ምኑን?»

«አትቀልጂ። ትራሱን።»

ልጅቷ ውሃውን ዘጋች። «ጉንጬ አወቀው። አንዱ ጥግ ላይ እናቴ አሮጌ ቀሚሴን ቆራርጣ ጠቅጥቃበታለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ መልሱን የት እንዳስቀመጠችው የምትፈልግ መሰለች። «እናትሽ የሞተች ጊዜ እናቴ እዚህ መጥታ ከረመች። ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። በደንብ አይደለም፤ ከኋላዋ አቅፎ የሚያስተኛት ሰው እንደነበረ፣ ሌሊት ስትባንን «አለሁ፣ አለሁ» የሚል ድምፅ እንደነበረ ብቻ።

«እኔን ጎረቤት ጋ ትታኝ ነው የመጣችው» አለች ልጅቷ። «እንዴት እንደጠላሁሽ! እናቷ ሞታባት እኮ ነው ይሉኛል። ታዲያ የኔን ለምን ትወስዳለች እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ትራሱን ይዛው ነበር የመጣችው፤ ያለሱ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስትመለስ አሸተትኩት። ሌላ ልጅ፣ ሌላ ልጅ ይሸታል። ጓሮ ወስጄ ጣልኩት። ሲዘንብበት አደረ።»

ቁንጫ ቧንቧው ላይ የቀረውን ጠብታ በጣቷ ጠረገች።

«ያ ሁሉ እብጠት ከዚያ የመጣ ነው። አድርቃ ተኛችበት። አንድም ቀን አልተናገረችኝም። ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ፤ ይጎረብጥሻል ወይ ስላት፣ የለም፣ ደህና ነው ትለኛለች።» የደረቀ እጇን ደግማ በቀሚሷ ጠረገች። «እንዳይነደፍ ያልኩት ለዚህ ነው።»

ቁንጫ አንድ ቃል ፈለገች። አላገኘችም። ከበሩ በኩል የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ቀጥሎ የጡረተኛው ድምፅ መጣ፣ ዛሬም ወገባቸው እንዴት እንዳደረ ገና ሳይገቡ እየተናገሩ።

ፍራሹ ጋሪው ላይ እየወጣ ነበር። አባቷና ባለጋሪው ወዲያና ወዲህ ይዘውታል። ዝም ብትል ይሄዳል። ማንም አይጠይቃትም፤ ልጅቷ አትናገርም፤ አባቷም መቼም አያውቅም፤ እሷም ከነገ ጀምራ መልካም ልጅ መሆን ትችላለች። ይህን ሁሉ አሰበችው። አባቷ ካወቀ በምን ዓይን እንደሚያያት ደግሞ አሰበች፤ ከሁሉም ያስፈራት እሱ ነው።

«አውርዱት» አለች።

አባቷ ዞር አለ። «ምን አልሽ?»

«አባዬ፣ አውርደው። አላለፈም። ይጎረብጣል።»

«ብያለሁ እኮ!» አሉ ጡረተኛው፣ እስካሁን ምንም ሳይሉ።

ፍራሹ ወረደ። ቁንጫ ትልቁን መቀስ ከጠረጴዛው አንስታ ተንበረከከች፤ አባቷ የሰፋውን አፍ በገዛ እጇ ተረተረችው። ክንዷን አስገባች። ትራሱን አገኘችውና ሳበችው፤ አልወጣም፤ ክሮቹ ከፍራሹ ጋር ሰፍተውታል። አንድ በአንድ ቆረጠቻቸውና አወጣችው። ጥጥ ለብሶ፣ ክር ተንጠልጥሎበት ወጣ።

ጡረተኛው አጎንብሰው አዩት። «ፍራሽ አዘዝኩ እንጂ ትራስ መቼ ጠየቅኩ?»

አባቷ ትራሱን አየ። ከዚያ ልጁን አየ። ቁንጫ ቁጣ ጠብቃ ነበር። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። አባቷ ግን ፊቱ ላይ ድካም ብቻ መጣ፣ መርፌውን ይዞ ብቻውን ሲመላለስ የነበረው ዓይነት።

«እኔ ነኝ የከተትኩት» አለች። «ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር።»

«ማታ እንነጋገራለን» አለ አባቷ። በቃ፣ ይህን ብቻ አለ።

ልጅቷ መጥታ ትራሷን ተቀበለች። ጥጡን አራገፈች፤ የቀሩትን ክሮች ነካ ነካ አደረገች። «ቢያንስ ከእንግዲህ ጥጡ አይንሸራተትም» አለች። ቁንጫ ቀና ብላ አየቻት። ይህች ልጅ ለካ ትቀልዳለች። አባቷን ሲያስቀው የከረመውም ይኸው ነው ማለት ነው።

ፍራሹ እንደገና አፉ ተሰፍቶ ቆመ። መሃሉ ክሩ ስለተቆረጠ ዳግም መወጋት አለበት። አባቷ እንደ ልማዱ መርፌውን አነሳ፤ ልጅቷም እንደ ሰሞኑ ወደ ማዶ ልትሄድ ተነሳች። ቁንጫ መሃላቸው ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ያማራት ከአባቷ ማዶ መቆም ነበር። አሁን ብትጠይቀው፣ እንዲህም ሆኖ፣ አይከለክላትም።

«አባዬ፣ መርፌውን ለኔ ስጠኝ» አለች። «አንተ እንግዳህን አጫውት።»

አባቷ ትንሽ አመነታና ሰጣት። ለሽማግሌው ወንበር አወጣላቸው፣ ራሱም አጠገባቸው ተቀመጠና የወገባቸውን ነገር መስማት ጀመረ።

ቁንጫ አባቷ በሚቆምበት በኩል ቆመች። ከዚህ በኩል ቆማ አታውቅም። ከፍራሹ ሥር ሁለት ቀጫጭን እግሮች ይታያሉ፤ ነጠላ ጫማው ሰፍቷቸዋል። መርፌውን ጨርቁ ላይ አስደግፋ ቆየች።

«ትሰሚኛለሽ?» አለች ፍራሹን።

«እሰማሻለሁ።»

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር። ቧንቧው ጋ ስላቃተኝ ነው።»

«ንገሪኝ» አለች ልጅቷ። «ግን እየላክሽ ንገሪኝ። ሽማግሌው እያዩን ነው።»

ቁንጫ መርፌውን ሰደደች። ከወዲያ ሲያዝ ጣቶቿ ላይ ተሰማት፤ ለቀቀችው፣ ከዚያም መናገር ጀመረች።